የአይሮፕላን እድር

ጂንካ የእድር ደሃ አይደለችም። ቀባሪ እድር አለ፣ ድንኳንና ድስት ያለው አለ፣ የሴቶች አለ፣ የሰፈር አለ። አይሮፕላን ባዶውን እንዳይሄድ ወንበር የሚሞላ እድር ግን የነበረው እዚህ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ኖሮ ሞተ። ጸሐፊው ባዩሽ ነበረች። ዛሬም ሰው ስለዚያ እድር ሲያነሳ በዓይኑ ይፈልጋትና፣ ካለች ወሬውን ይለውጣል። ባይለውጥም ግድ የላትም። ድሮ ይከፋት ነበር፤ አሁን መከፋቱም ቀርቷል።

ባዩሽ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ከመንዝ በፖሊስነት ተመድበው መጥተው፣ «ዓመት ብቆይ ነው» እያሉ ሠላሳ ዓመት ቆይተው እዚሁ የተቀበሩ ሰው ነበሩ። ኩሩ ነበሩ። ደመወዝ ዘግይቶ ቤቱ ሲራቆት እንኳ እንግዳ ከመጣ ጎረቤት ተበድረው ያበሉ ነበር፤ «ገመናን ለእንግዳ አያሳዩም» ነበር ቃላቸው። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ባዩሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት አባቷ ሞቱ፤ እሷም አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ገዝታ በአይሮፕላን ሜዳው ዳር ሱቅ ከፈተች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ነሐሴና መስከረም ቀና ብላ ሰው የምታይበት ጊዜ የላትም፤ በቀረው ወር ቀዳዳ ትጥፋለች፣ ዚፕ ትለውጣለች።

ሜዳው ያኔ ከተማው መሃል ነበር። አስፋልት የሚባል ነገር የለውም፣ ሣር ነው። ጠዋት ላም ይግጥበታል፣ ከሰዓት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ቅዳሜ ገበያተኛው ያቋርጠዋል። ማክሰኞና ዓርብ ግን የአይሮፕላኑ ድምፅ ከተራራው ወዲያ ሲሰማ፣ የሜዳው ኃላፊ ጋሽ ዓባይነህ ፊሽካውን እየነፋ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ ላሙም ኳሱም ገበያተኛውም ይባረራል። ትኬት የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ሻንጣ የሚመዝነው እሱ ነው፣ ሰውም የሚመዝነው እሱ ነው። አይሮፕላኑ አሥራ ዘጠኝ ወንበር ያለው ትንሽ ስለሆነ ተሳፋሪው ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። በዚህ የተነሳ ዓባይነህ የከተማውን ሰው ኪሎ በቃሉ ያውቅ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ የአንዱን ባለሱቅ ሚስት «እትዬ፣ ካለፈው ዓመት አራት ኪሎ ጨምረዋል» ብሎ፣ ሽማግሌ ባይገባ ኖሮ ተደብድቦ ነበር።

ባዩሽ ያገባችው ሉቃስን ነው። ሉቃስ የአሪ ሰው ነው፤ መምህር፣ ዝምተኛ፣ የጸሎት ቤት ልጅ። የእሷ ዘመዶች «ጴንጤ አገባች» ብለው፣ የእሱ ዘመዶች «ሰፋሪ አገባ» ብለው ለሁለት ዓመት አኮረፉ። ኤፍራታ በ1988 ስትወለድ ሁሉም ገንፎ ሊበላ መጣ፣ ኩርፊያውም በዚያው ቀረ። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ወንዶች ተወለዱ።

ኤፍራታ አምስት ዓመት ሲሞላት ጉሮሮዋን ያማት ጀመር። ከጉሮሮ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ልብ ሄደ። በሰባት ዓመቷ ከቤት እስከ ሱቅ መሄድ አቅቷት መሃል መንገድ ቁጭ ትል ነበር። ወንድሞቿ ሲሮጡ እሷ ትንፋሿን ትፈልጋለች። በ1995 ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ደረቷን ከፍተው ሰው ሠራሽ ቫልቭ አስገቡላት። ሲጨርሱ የእኛው ሐኪም ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ አነጋገራቸው።

«ልጅቷ ድናለች» አለ። «ነገር ግን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ደሟ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ትደማለች፤ ከወፈረ ቫልቩ ላይ ይረጋል። ስለዚህ በየወሩ እዚህ መጥታ ትለካለች። ምርመራው ሌላ ቦታ የለም።»

«እናመጣታለን» አለ ሉቃስ።

«በምን? ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ እያንገጫገጫችሁ እንዳታመጧት። ብትወድቅ፣ ብትጋጭ፣ መንገድ ላይ ደም የሚያቆምላት የለም።»

«አይሮፕላን አለን» አለች ባዩሽ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም። አይሮፕላኑ እስካለ ድረስ ኤፍራታ በእናቷ ቤት ታድጋለች። አይሮፕላኑ ከቀረ ልጅቷ ከቤት ትወጣለች፣ አለዚያም ትሞታለች።

አይሮፕላኑ ደግሞ በራሱ እግር የቆመ አልነበረም። የጂንካ መስመር አያዋጣም። መንገድ በደንብ ላልገባላቸው ከተሞች ብሎ መንግሥት የጎደለውን ይደጉም ስለነበረ ነው ትኬቱ የመምህር ደመወዝ የሚችለው ዋጋ የሆነው። በ1996 ጥቅምት ላይ ጋሽ ዓባይነህ አንድ ደብዳቤ ይዞ ባዩሽ ሱቅ መጣ። ደብዳቤው በአማካይ ከአሥር ሰው በታች የሚሳፈርባቸው መስመሮች ድጎማ ይቋረጥባቸዋል ይላል።

«ባለፈው ማክሰኞ ስንት ነበርን?» አለችው።

«አንቺና ኤፍራታ፣ አንድ ፈረንጅ፣ አንድ የዞን ሰው። አራት።»

ባዩሽ የስፌት መኪናውን አቁማ ለረጅም ጊዜ ደብዳቤውን አየችው። ከዚያ ሱቁን ዘግታ ማር ነጋዴው አቶ አለማየሁ ዘንድ ሄደች። በሳምንቱ እድሩ ተመሠረተ። አለማየሁ ሊቀመንበር፣ ባዩሽ ጸሐፊ። ሕጉ ቀላል ነበር። ሰኞና ሐሙስ ቀትር ላይ ዓባይነህ የተሳፋሪውን ቁጥር ይነግራታል፤ አሥር ካልሞላ ተራ የደረሰው አባል ይጠራል፣ እድሩ ትኬቱን ይችላል፣ ሰውየው አይሮፕላኑ መንገድ ላይ እስከሚያርፍባት አርባ ምንጭ በርሮ በሚቀጥለው አይሮፕላን ወይም በመኪና ይመለሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ መቶ ሃያ አባወራ ተመዘገበ። ሁሉም ስለ ኤፍራታ ብሎ አይደለም፤ አንዱ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረ፣ ሌላው ለንግዱ፣ ሌላው ከተማው አይሮፕላን ያጣ እንደሆነ ማዕረጉ የሚወርድ መስሎት ነው። ብዙው ሰው ግን ስለ ልጅቷ ያውቃል፣ ባያወራውም።

ተራ የደረሰውን ሰው ከተማው «ሙሌት» ብሎ ጠራው። «ዓርብ ለት ሙሌት ነኝ» ይላል ሰው፣ የቀበሌ ዘብ እንደደረሰው ሁሉ። ፀጉር አስተካካዩ ውባየሁ የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ሚዛን ላይ ቆሞ ለሚስቱ የሚነገር ኑዛዜ አስጽፏል። አይሮፕላን ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ሄዶ ጨፍኖ ወረደ። አምስተኛ ተራው ላይ ግን ወንበሩ ላይ ፀጉር የሚቆረጠውን ሁሉ ስለ ንፋስ አቅጣጫ ያስተምር ጀመር፤ ፓይለቱም «የቀረህ የፓይለት ልብስ ብቻ ነው» ይለው ነበር።

ከባኮ ወዲያ የሚያርሱት የአሪው ሽማግሌ አቶ ተፈሪ ደግሞ አንድ ቅል ማር ይዘው ተሳፈሩ። ሲመለሱ ባዩሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉና፣

«ከላይ አየሁት» አሏት። «መሬቴን። ትንሽ ነው። ጣቴን እንዲህ ሳደርግ ተሸፈነ። ለዚህ ነው እኔና ጎረቤቴ አሥር ዓመት ፍርድ ቤት የሄድነው?»

በወሩ ታረቁ። ፍርድ ቤትና ሽማግሌ ያቃተውን የድጎማ ትኬት ጨረሰው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጂንካ ስቃለች። ባዩሽም ስቃለች፤ የሚያስታውሷት ሰዎች ድምፅ አውጥታ ትስቅ እንደነበር ይናገራሉ።

ኤፍራታ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አድጋለች። ቫልቩ ሰዓት እንደሚቆጥር ዓይነት ድምፅ ነበረው፤ ቤቱ ፀጥ ሲል አጠገቧ ለተኛ ሰው ይሰማል። ባዩሽ ያንን እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጅቷ ኳስ እንዳትጫወት ስለተከለከለች ዳኛ ሆነች። ከእናቷ የጨርቅ ቁራጭ ቢጫና ቀይ ካርድ ቆርጣ፣ ሜዳው መሃል ቆማ፣ ከእሷ የሚበልጡትን ወንዶች ታባርራለች። ማንም አይነካትም። እንዳይገፏት እናቶቻቸው አስጠንቅቀዋቸዋል። በወር አንድ ጊዜ ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ሄዳ ደሟን ትለካና ትመለሳለች። ፓይለቶቹ በስሟ ይጠሯታል።

እዚህ ላይ ባዩሽ ያጠፋችው ጥፋት አለ። እድሩ የተቋቋመው አሥር ለመሙላት ነው። እሷ ግን አሥር አላጠገባትም። አሥር ማለት ጫፍ ላይ መቆም ነው፤ አንድ ሰው ቢታመም፣ አንዱ ቢያረፍድ ዘጠኝ ይሆናል። ባዶ ወንበር ስታይ ልጇን የሚወስድ ጉድጓድ ይመስላት ነበር። ስለዚህ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት መሙላት ጀመረች። አለማየሁ፣ «ኧረ ባዩሽ፣ ሕዝቡ ደከመ፤ አሥር በቂ ነው» ቢላትም አልሰማችም። እያንዳንዱን ቤት እየዞረች፣ እያባበለች፣ አንዳንዴም እያስፈራራች ሞላች። የማስፈራራት ዘዴዋ ያው ዝምታ ነው፤ ደጃፍ ቆማ ሰውየውን ማየት። ማን ነው እሷን እምቢ የሚል?

ከደብዳቤው ጋር የመጣው የድጎማ መመሪያ ዓባይነህ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከአሥር በታች የሆነ መስመር ድጎማው እንደሚቋረጥ፣ በአማካይ ከአሥራ ስድስት በላይ የሆነም «ራሱን የቻለ» ተብሎ እንደሚቋረጥ ተጽፏል። ዓባይነህ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቧል። ሦስተኛውን ያነበበ ሰው ጂንካ ውስጥ አልነበረም።

በ1998 ግንቦት ላይ መስመሩን የሚገመግሙ ሦስት አጥኚዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሁለት ወንድ አንዲት ሴት። አለቃቸው አቶ ፍሥሐ የሚባል፣ ትሑትና ጽሑፉ ያማረ ሰው ነበር። ስብሰባ በማግስቱ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ለእድሩ ተናጋሪ ባዩሽ ተመረጠች።

የዚያን ለት ጠዋት ባዩሽ ልብሷን ስትተኩስ ሉቃስ አጠገቧ ቆመ።

«ኤፍራታን ይዘናት እንሂድ» አላት።

«ለምን?»

«ይዩአት። የሚለካ ደም ያላት ልጅ አለች፣ አይሮፕላኑ ቢቀር መሄጃ የላትም እንበላቸው። ጋሽ ዓባይነህም ይኼንኑ ነው የሚለው።»

«ልጄን አሳይቼ አልለምንም» አለች ባዩሽ። «ደረቷን ከፍቼ ጠባሳዋን ላሳይ? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቁስሉን ገልጦ እንደሚቀመጥ?»

«መለመን አይደለም ባዩ። መንገር ነው።»

«አይሮፕላኑ እየሞላ ምን ልለምን? የሞላ ነገር ማን ይዘጋል?»

እውነትም፣ የሞላ ነገር ይዘጋል ብሎ ማን ያስባል? ኤፍራታ ደሞ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጫማዋን አድርጋለች፣ ፀጉሯም ተሠርቷል። ሌሊቱን አባቷ ይዘንሽ እንሄዳለን ብሏት ኖሯል። ባዩሽ ወንድሞቿን እንድትጠብቅ ነግራት በሩን ዘግታባት ወጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አቶ ፍሥሐ ፋይሉን ገለጠ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ የመስመሩ ተሳፋሪ ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ። ባዩሽ ተነሳች። እዚህ ላይ አትፍረዱባት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ስብሰባ ተቀምጣለች። ችግር ያወራ ሰው «አሉታዊ» ተብሎ ስሙ ይያዛል፤ ስኬት ያወራ ይጨበጨብለታል። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም ሪፖርት የሚያቀርበው እንደዚያ ነው። ሰው አፉን የፈታው በዚያ ቋንቋ ነው።

«ጂንካ አይሮፕላኑን ባዶውን ሸኝታ አታውቅም» አለች። «ከአሥራ ዘጠኙ ወንበር አሥራ ስምንቱ፣ አሥራ ዘጠኙ ይሞላል። ክረምት ከበጋ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ውባየሁ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

«ሕዝቡ የመክፈል አቅሙ አለው ማለት ነው?» አለ አቶ ፍሥሐ።

«እስከ ዛሬ ማንም ለምኖ አልተሳፈረም።»

እንደገና ተጨበጨበ። ሰውየው ጻፈ። ስለ እድሩ ማንም አልተነፈሰም፤ ማጭበርበር ነው እንዳይባል ከአንድ ቀን በፊት ተማክረውበታል። ያኔ የቡድኑ ሴት እጇን አነሳች። እስኪ ሌላ ነገር ልጠይቅ አለች። «ይኼ አይሮፕላን ባይኖር በተለየ የሚጎዳ ሰው አለ? ለምሳሌ ለሕክምና የሚመላለስ?»

መቶ ሰው ባዩሽን ያያል። ሉቃስ ከኋላ ወንበር ላይ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ አነሳ። ዓባይነህም አንገቱን ወደ እሷ ሰገግ አደረገ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባዩሽ የአባቷ ልጅ ነበረች፤ እንግዳ ፊት ነች፣ ከጭብጨባው ሙቀትም አልወጣችም።

«እንደማንኛውም ከተማ ነው» አለች። «የሚታመምም የሚነግድም አለ።»

ሉቃስ እጁን አወረደ። የሚስቱን ቃል ሰው ፊት የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። ስብሰባው አለቀ፣ ለእንግዶቹ ፍየል ታረደ፣ ማር ተሰጣቸው፣ በዓርቡ አይሮፕላን በሙሌት ታጅበው ሄዱ። ባዩሽ ቤት ስትገባ ኤፍራታ ጫማዋን እንዳደረገች ነበረች። እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀቻት።

«ጥሩ ሆነ» አለቻት እናቷ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ መስመሩ ራሱን የቻለ በመሆኑ ድጎማው ከመስከረም አንድ ጀምሮ ተነስቷል ይላል። ሦስተኛው ገጽ ያኔ ተነበበ። አለማየሁ ጉዳዩን ሊያስረዳ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ወንበሩን የምንሞላው በእድር ነው፣ ሕዝቡ ያን ያህል አቅም የለውም ብሎ እውነቱን ተናገረ። «ታዲያ የሐሰት ተሳፋሪ ስታቀርቡ ነው የኖራችሁት?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ትኬቱ ሦስት እጥፍ ሆነ። እድሩ ለስድስት ሳምንት ተንገዳገደና ቆመ። አሥራ ዘጠኙ ዘጠኝ፣ ዘጠኙ አምስት ሆነ። በ1999 ጥር ላይ አንድ ማክሰኞ አይሮፕላኑ አልመጣም፤ ዓርብም አልመጣም። ለተወሰኑ ሳምንታት ላሞቹ በሰዓቱ ራሳቸው ወደ ዳር ይወጡ ነበር፤ ከዚያ እነሱም ተዉት።

ባዩሽ ልጇን በመኪና ይዛ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ደህና ሄዱ። ሦስተኛው ሚያዝያ ላይ ነበር፤ ዝናብ ነበር። ወይጦ ሞልቶ አውቶቡሱ ከወንዙ ማዶ ሁለት ቀን ቆመ። በመጀመሪያው ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲንገጫገጭ ኤፍራታ የፊቱ ወንበር ብረት ላይ በአፍንጫዋ ተጋጨች። ደሙ አልቆም አለ። ባዩሽ ነጠላዋን ቀደደችበት፣ ከዚያ ቀሚሷን፤ ተሳፋሪው ያለውን ጨርቅ ሁሉ ሰጠ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ «እማ፣ አይዞሽ» እያለች የእናቷን እጅ ትይዝ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ደሙ ቀነሰ። አራተኛው ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

ሐኪሙ ልጅቷን አስተኝቶ ባዩሽን ኮሪደር ላይ አወጣት። አልጮኸባትም።

«እትዬ፣ ልጅዎ እዚህ መኖር አለባት» አላት። «ዘመድ አለዎት?»

ዘመድ ነበራት። ታላቅ እህቷ የሺሃረግ ኮልፌ ትኖራለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ቤቷ ንጹሕ ነው። ሉቃስ ዝውውር ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተከልክሏል፤ ሁለት ትናንሽ ልጆች ጂንካ ናቸው። ባዩሽ አንድ ወር እህቷ ቤት ቆየች። የሚለያዩ ለት ኤፍራታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ስላለች የሺሃረግ ናት ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈታችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ባዩሽ አውቶቡስ ላይ ወጥታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣም። ዛሬ ሳይሆን ነገ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ነገም አልመጣም። ሲጠብቁት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ባዩሽ ትሰፋለች። ሉቃስ ያስተምራል። ስለ አዳራሹ አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም። ቢሰድባት፣ «ነግሬሽ ነበር» ቢላት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ይጸልይና ይተኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኋላ አንድ ጊዜ፣ ልጇን ልታይ ትሄዳለች። እሑድ እሑድ ስልክ ይደወላል። መጀመሪያ ልጅቷ ስለ ሜዳው፣ ስለ ልጆቹ ስም እየጠራች ትጠይቅ ነበር፤ ከዚያ ስለ ራሷ ትምህርት ትነግራቸው ጀመር፤ ከዚያ «ሁሉ ሰላም ነው?» ሆነ። ከአባቷ ጋር የምታወራው አሪኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ጠፋባት። ሉቃስ አንድ ነገር በአሪኛ ተናግሮ ስልኩ ወዲያ ዝም ሲል ባዩሽ ታየዋለች፤ ከዚያ በአማርኛ ይደግመዋል።

ሰው ይህን ሲሰማ ባዩሽ በሐዘን የተቃጠለች ይመስለዋል። አይደለም። ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ልቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ሌላው ሲያለቅስ ውኃ ታቀብላለች። ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲላት ደህና ነኝ ትላለች፣ ውሸትም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀራት፤ ለኤፍራታ የምትነግራት ነገር። ስትሰፋ በልቧ ታዘጋጀዋለች፤ ከየት እንደምትጀምር፣ የትኛውን ቃል እንደምታስቀድም። ስልክ ላይ የሚባል አልነበረም።

በ2009 መጨረሻ አዲሱ አይሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ፤ አስፋልት፣ መስታወት፣ ሰባ ሰው የሚይዝ አይሮፕላን። ለምርቃቱ የመዘምራኑን ልብስ የሰፋችው ባዩሽ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ልብስ በዘጠኝ ቀን። ምርቃቱ ላይ ግን አልሄደችም፤ ሥራ ነበረባት።

በ2011 ጥር ኤፍራታ መጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ትሠራለች። ደሟን አሁን የምትለካው በራሷ ነው፤ ጣቷን የምትወጋበት ትንሽ መሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀባት። ሦስት ቀን ልትቆይ ነው የመጣችው። ቆንጆ ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ወንድሞቿን አቀፈች፣ ለአባቷ ሹራብ አመጣች። ዓባይነህ ጡረታ ወጥቷል፤ ሊያያት መጥቶ «አሁን ስልሳ ኪሎ ነሽ» አላትና ሁሉም ሳቀ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሱቅ መጣችና ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው አልነበረም። ባዩሽ መኪናውን አቆመች። ይህን ቀን አሥራ ሁለት ዓመት አዘጋጅታዋለች።

«ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለች። «አጥኚዎቹ የመጡ ጊዜ ጫማሽን አድርገሽ ነበር። አስታወስሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«አባትሽ እንውሰዳት ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥም ጠይቀውኛል፤ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው አለ ወይ ብለው። እንደማንኛውም ከተማ ነው ብዬ አለፍኩት። ልጄ አለች ማለት አፈርኩ። ያን ለት ቢያዩሽ ኖሮ አይሮፕላኑን አይነሱንም ነበር። ከቤትሽ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ።»

ተናግራ ጨረሰች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኤፍራታ ዱካውን ጎትታ ተጠጋች። የእናቷን እጅ ያዘች።

«ይኼን ነው እስከ ዛሬ ይዘሽ የኖርሽው?»

«አዎ።»

«እማ» አለች ኤፍራታ፣ ፈገግ ብላ፣ ለታመመ ሰው መልካም ዜና እንደሚነገር አድርጋ፤ «እንኳንም አላዩኝ። አይተውኝ ቢሆን እኮ እዚሁ እቀር ነበር።»

ውጭ ሰው ሰላም ብሏቸው አለፈ። ልጅቷ ቀጠለች። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ የሺሃረግ፣ በሚያዝያ ስለሚያገባት ልጅ ነገረቻት። ሠርጉ እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ ትመጫለሽ አይደል አለቻት። እጇን አልለቀቀችም። ከልቧ ነበር የምታጽናናት።

ባዩሽ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አወቀችው። ልጇ ድናለች፣ አምሮባታል፣ አልተቀየመቻትም። ደስታውን በውስጧ ፈለገችው፤ እንደ ለቅሶው አልመጣም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በደሏን ስትሸከም፣ ልጅቷ ናፍቋት የምትመለስበት ቤት ያለ መስሏት ነበር የኖረችው።

«እውነትሽን ነው» አለቻት። «እመጣለሁ።»

ኤፍራታ ጉንጯን ስማት ወንድሞቿን ልታይ ወጣች። ባዩሽ የተጀመረውን ኮሌታ መኪናው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና መስፋቷን ቀጠለች።